የትንሽ ካታማራን መሪ ወደ ነፋስ ሲጎትት፦ ምሰሶውን ከመንካትዎ በፊት መሪውን ይለኩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ርዝመቷ 5 ሜትር የሆነ፣ ዋና ሸራና የፊት ሸራ ያላት፣ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰሌዳ የሌላት ካታማራን (ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ ያላት የሸራ ጀልባ) አለችኝ። ነፋሱ ከ12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል) ሲያልፍ መሪው ክንዴን እስኪያዝለው ይጎትታል። ለቀቅ ሳደርገው ጀልባዋ ወዲያው አፍንጫዋን ወደ ነፋስ ታዞራለች። የሸራውን ምሰሶ ትንሽ ቀና አድርጌው ነበር፤ ተሻለኝ እንጂ አልጠፋም። ከዚህም በላይ ወደ ፊት ላምጣው?»

ምሰሶውን ለጊዜው ባለበት ይተዉት። በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አንድ ላይ ተቀላቅለዋል፤ ሁለቱ ካልተለዩ የሚደረገው ሁሉ በጨለማ መዳሰስ ይሆናል። አንደኛው ጀልባዋ ቀጥ ብላ እንድትሄድ መሪው ምን ያህል ዲግሪ ዞሮ መያዝ አለበት የሚለው ነው። ይህ የሸራውና የቀፎዎቹ ሚዛን ጉዳይ ሲሆን፣ መርከበኞች ዌዘር ሄልም የሚሉት በትክክል ይሄንን ነው። ሁለተኛው በእጅዎ ላይ የሚሰማው ክብደት ስንት ኪሎ ነው የሚለው ነው። ክብደቱን በአብዛኛው የሚወስነው ውሃ ውስጥ ያለው የመሪ ሰሌዳ ከማጠፊያው አንጻር የቆመበት ቦታ ነው። ሚዛኗ የተስተካከለ ጀልባ ላይ እንኳ ሰሌዳው ወደ ኋላ ከሸሸ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ምሰሶውን ወደ ፊት ማምጣት በዋናነት የሚነካው የመጀመሪያውን ነው። «ተሻለኝ እንጂ አልጠፋም» ያሉት ሁለተኛው ሳይነካ ስለቀረ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ሁለቱንም ይለኩ። በየብስ ላይ፣ ሁለቱ የመሪ ሰሌዳዎች ከቀፎዎቹ ጋር ቀጥ ብለው ሳሉ፣ ሁለቱን የመሪ ዘንጎች በሚያገናኘው ቧንቧ መሃል ላይ ባለ ቀለም ናስትሮ ይለጥፉ፤ ትይዩው ባለው፣ ሁለቱን ቀፎዎች በሚያገናኘው የኋላ ተሻጋሪ ምሰሶ ላይም ሌላ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ከመሪው ማጠፊያ ፒን እስከ አገናኙ ቧንቧ ያለውን ርቀት ይለኩ። ርቀቱ 70 ሴንቲሜትር ከሆነ ቧንቧው ወደ ጎን በ12 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ መሪው 1 ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው። ስለዚህ ከመሃሉ ግራና ቀኝ በየ12 ሚሊ ሜትሩ ምልክት ያድርጉ። ማዕበል በሌለበት ውሃ ላይ፣ ከ10 እስከ 12 ኖት በሚነፍስበት ጊዜ፣ ወደ ነፋስ ተጠግተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀጥ ብለው ይሂዱና ምልክቱ የት እንደሚቆም ያንብቡ። ወዲያውኑ ደግሞ ባለ ሞላ የእጅ ሚዛን ቧንቧው ላይ አስረው ቀጥታውን ለመያዝ ስንት ኪሎ እንደሚወስድ ይመልከቱ። ይህንኑ ነፋሱን በሌላው ጎን ይዘውም ይድገሙት፤ አራት ቁጥሮች ይኖሩዎታል።

ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ጤናማ ነው፤ ወደ ዜሮ ለማውረድ አይጣሩ። ትንሽ ወደ ነፋስ የምትስብ ጀልባ ነፋሱ የት እንዳለ ለእጅዎ ትነግረዋለች። ሰው ከላይዋ ቢወድቅ ደግሞ ራሷ ወደ ነፋስ ዞራ ትቆማለች። በተቃራኒው ከነፋስ የምትሸሽ ካታማራን ባለቤቷን ውሃ ውስጥ ጥላ ልትሄድ ትችላለች፤ ዋናተኛም አይደርስባትም። ማዕዘኑ ከ4 ዲግሪ በታች ሆኖ እጅ ላይ ከከበደ ችግሩ ያለው ሰሌዳው ላይ ነው። ከ6 ዲግሪ በላይ ሆኖ እጅ ላይ ቀላል ከሆነ ችግሩ የሚዛን ነው። ሁለቱም ከሆነ ከሰሌዳው ይጀምሩ፤ ሥራው ቀላል፣ ውጤቱም ፈጣን ነው። በአንደኛው ጎን ብቻ ከከበደ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ስለ መሪ ሰሌዳው ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰሌዳ በሌላቸው ትንንሽ ካታማራኖች ላይ አብዛኛው ቅሬታ የሚፈታው እዚህ ነውና።

ውሃ የመሪ ሰሌዳውን በአንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቦ እንደሚገፋው አድርገን ማሰብ እንችላለን። ይህ ነጥብ ከሰሌዳው የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የወርዱን ሩብ ያህል ገባ ብሎ ይገኛል፤ ወርዱ 20 ሴንቲሜትር ከሆነ 5 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ሰሌዳው የሚዞርበት መስመር ደግሞ ሁለቱን የማጠፊያ ፒኖች አገናኝቶ ወደ ታች ሲራዘም የሚገኘው ነው። በእጅዎ የሚሰማዎት በመስመሩና በነጥቡ መካከል ያለው ርቀት ነው። አንድ ምሳሌ በቁጥር ላስላ። ሰሌዳው ውሃ ውስጥ 60 ሴንቲሜትር ይገባል እንበል፤ ወርዱ 20 ሴንቲሜትር፣ የጀልባዋ ፍጥነት 10 ኖት (በሰዓት 18.5 ኪሎ ሜትር)፣ የመሪው ማዕዘን 4 ዲግሪ። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ ሰሌዳ ወደ ጎን ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይቀበላል፤ ሁለቱ 80 ኪሎ። የመዞሪያው መስመር በሰሌዳው የፊት ጠርዝ ላይ ካለፈ ርቀቱ 5 ሴንቲሜትር ነው፤ በ70 ሴንቲሜትር ዘንግ ሲከፈል እጅ ላይ ወደ 6 ኪሎ ይደርሳል። ለአጭር ጊዜ የሚቻል፣ ለአንድ ሰዓት ግን የሚያደክም ነው።

አሁን ሰሌዳው በ10 ዲግሪ ብቻ ወደ ኋላ ተነሳ እንበል። ግፊቱ የሚያርፍበት ነጥብ ሰሌዳው ከተንጠለጠለበት ብሎን 40 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ስለሚገኝ 7 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። 5 የነበረው ርቀት 12 ይሆናል፤ 6 ኪሎ የነበረው ወደ 14 ኪሎ ይደርሳል። ሸራው አልተለወጠም፤ ምሰሶውም እዚያው ነው። እንዲያውም ሰሌዳው ወደ ኋላ በመሄዱ የጀልባዋ ሚዛን በጥቂቱ ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ሄዷል፤ እጅዎ ግን የሚነግርዎት ተቃራኒውን ነው። ሁለቱን ለይተን እንለካ ያልኩት ለዚህ ነው። ግፊቱ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ በ5 ኖት የማይታወቅ ጉድለት በ10 ኖት አራት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። «ከ12 ኖት በላይ ሲነፍስ» ያሉትም ከዚህ ጋር ይገጥማል።

10 ዲግሪ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታይም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ ሰሌዳው በእርግጥ እስከ መጨረሻው ወርዶ መቆለፉ ነው። ጀልባዋን ማረፊያዋ ላይ ከፍ አድርገው ሰሌዳውን ይቆልፉ፤ ከዚያ ጫፉን በሁለት እጅ ይዘው አጥብቀው ወደ ኋላ ይሳቡት። ጫፉ ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ መቆለፊያው አልያዘም ወይም የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቷል። በሞላ የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነ ሞላውን የሚያጠብቀውን ቪቴ በሩብ ዙር በሩብ ዙር እያጠበቁ ይፈትሹ። ሰሌዳው መሬት ሲነካ ራሱን ለቅቆ መነሳት አለበትና እስከ ጥግ አይግጠሙት፤ አለበለዚያ የሚሰበረው ሰሌዳው ወይም የቀፎው ጀርባ ነው። የቆላፊው ጥርስ ክብ ሆኖ ካለቀ ሞላ ማጥበቅ አያድነውም፤ ክፍሉ መለወጥ አለበት። በገመድ ወደ ታች የሚጎተት ዓይነት ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው። ተራ ፖሊስተር ገመድ ሲወጠር ይለጠጣል፤ ዳይኒማ በሚባለው ብዙ በማይለጠጥ የ4 ሚሊ ሜትር ገመድ ይቀይሩት፤ ውሃ ላይ ከወጡ ከ10 ደቂቃ በኋላም አንዴ ደግመው ያጥብቁት።

ቀጥሎ የማጠፊያዎቹ መላላት አለ። ሰሌዳው ተቆልፎ ሳለ የጫፉን ጠርዝ ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዙ። ፒኑ በቡሹ ውስጥ ሲንኳኳ ከተሰማ ቡሾቹን ይቀይሩ፤ ሰሌዳው በመያዣው ውስጥ ከተወዛወዘ በሁለቱም ጎን ስስ የናይለን ሮንዴላ ያስገቡ። የላላ መሪ ክብደት አይጨምርም፤ ነገር ግን ሰሌዳው በየሞገዱ ስለሚመታ እጅ ሳያስፈልግ አጥብቆ ይይዛል፤ ድካሙም ከዚያ ይመጣል።

አላይመንቱንም በዚሁ ጊዜ ይጨርሱት። አንደኛው ሰሌዳ ቀጥ ሲል ሌላኛውም ቀጥ ማለት አለበት። በሁለቱ ሰሌዳዎች የፊት ጠርዞች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ በዚያው ከፍታ ላይ በኋላ ጠርዞቻቸው መካከል ያለውንም ይለኩ። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ወይም የፊቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢያንስ ጥሩ ነው። የፊቱ ከበለጠ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ ይሳሳባሉ፤ ጀልባዋ ትቀዘቅዛለች፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ማስተካከያው የአገናኙ ቧንቧ ጫፍ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ክብደቱ ካልተወ ሰሌዳውን ወደ ፊት ማስጠጋት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚፈራው ሥራ ነው፤ በጥንቃቄ ከለኩ ግን ከባድ አይደለም። ሰሌዳው ተቆልፎ እያለ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ወይም የተወጠረ ክር በሁለቱ ፒኖች መሃል አሳልፈው ወደ ታች ያራዝሙ፤ መስመሩን በእርሳስ ሰሌዳው ላይ ያስምሩ። ከዚያ ውሃ ውስጥ በሚገባው ክፍል ግማሽ ላይ፣ ከፊት ጠርዝ እስከ መስመሩ ያለውን ይለኩ። መስመሩ ከፊት ጠርዝ ውጭ ካለፈ ወይም ጠርዙን ከነካ ሰሌዳው ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ነው። የሚፈለገው መስመሩ ከወርዱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ላይ እንዲያልፍ ነው፤ ለ20 ሴንቲሜትር ሰሌዳ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ማለት ነው። በምሳሌያችን መስመሩ 3 ሴንቲሜትር ላይ ቢያልፍ ርቀቱ ወደ 2 ሴንቲሜትር ይወርዳል፤ 6 ኪሎ የነበረው 2 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም።

25 በመቶን ግን ፈጽሞ አይለፉ። ከዚያ በኋላ መሪው ራሱ ወደ ጥግ መዞር ይፈልጋል፤ ሲለቁት ከመመለስ ይልቅ ይሸሻል። በከፍተኛ ፍጥነት ይህ ጀልባን ሊገለብጥ ይችላል። ግፊቱ የሚያርፍበት ነጥብ እንደ ሰሌዳው ቅርጽና እንደ ማዕዘኑ ጥቂት ስለሚንቀሳቀስ፣ በቂ ርቀት መተው ግዴታ ነው። አንድ ኪሎ ሁለት ኪሎ እጅ ላይ ቢቀር ጥሩ ነው።

አሠራሩ እንደ መሪው ዓይነት ይለያያል። ሰሌዳው ወደ ታች ሲወርድ ጠርዙ በመያዣው ላይ ተደግፎ የሚቆም ከሆነ፣ የሚደገፍበትን ቦታ በሞረድ ማንሳት ይበቃል። መደገፊያው ከብሎኑ 10 ሴንቲሜትር ያህል ቢርቅ፣ እዚያ የተነሳ 1 ሚሊ ሜትር 40 ሴንቲሜትር ወደ ታች ወርዶ 4 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ያመጣል። 3 ሴንቲሜትር ለማግኘት 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ይበቃል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ አያንሱት፤ 2 ሚሊ ሜትር እያነሱ ክሩን ደግመው ይዘርጉ። ቆላፊው በአዲሱ ቦታ መያዙንም በየጊዜው ይፈትሹ፤ ሰሌዳው ወደ ፊት ሄዶ ጥርሱ ካልገባ ችግሩን ለወጡት እንጂ አልፈቱትም። ሞረድ የነካው እንጨት ወይም ፋይበርግላስ ውሃ እንዳይጠጣ በኢፖክሲ ይሸፍኑት።

ቦታውን የሚወስነው የብሎኑ ቀዳዳ ከሆነ ደግሞ የድሮውን ቀዳዳ ደፍኖ አዲስ መብሳት ነው። ቀዳዳውን ሰሌዳው ላይ ወደ ኋላ ማዛወር ሰሌዳውን ወደ ፊት ያመጣል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና መጀመሪያ በካርቶን ሞክረው ይዩት። የድሮውን ቀዳዳ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩ፣ በአንደኛው ጎን ናስትሮ ይለጥፉ፣ በደቃቅ የፋይበር ዱቄት ወፍሮ ከማንኪያ የማይፈስ በሆነ ኢፖክሲ ይሙሉት፤ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቦታ ቢያንስ 24 ሰዓት ያሳድሩት። አዲሱ ቀዳዳ ከሰሌዳው ጠርዝ ቢያንስ የራሱን ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል መራቅ አለበት። ሁለቱን ሰሌዳዎች ደርበው በሞርሳ አጥብቀው አንድ ላይ ይብሱ፤ ለየብቻ ከተበሱ በምንም ዓይነት ጥንቃቄ እኩል አይሆኑም። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይጀምሩ፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ የብሎኑን ልክ፤ በሚወጣበት በኩል ቁራጭ እንጨት ይደግፉ። ትራፓኖው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ሰሌዳው በመያዣው ውስጥ ያዘነብላልና፣ ማቆሚያ ያለው ትራፓኖ ቢገኝ ይመረጣል። የሰሌዳው ልብ ፎም ከሆነ ባዶ ቀዳዳ አይተዉ፤ የተበሳውን አስፍተው በኢፖክሲ ከሞሉ በኋላ በመሃሉ ይብሱ፣ አለበለዚያ ብሎኑ ፎሙን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላዋል።

ይህ ሁሉ ክብደቱን ይቀንሳል፤ ማዕዘኑን አይቀንስም። ምልክቱ አሁንም ከ6 ዲግሪ በላይ ካሳየ መሪው እንደ ፍሬን እየሠራ ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ከቀፎው ጀርባ የተንጠለጠለ መሪ አየር ከላይ ወደ ታች ይስባል፤ ሰሌዳው በድንገት ይለቃል፣ ጀልባዋም ሳይታሰብ ወደ ነፋስ ትሽከረከራለች። አሁን ነው ወደ ሚዛን የምንገባው።

ሚዛኑ የሁለት ነጥቦች ጉዳይ ነው፦ ነፋሱ ሸራዎቹን የሚገፋበት መሃልና ውሃው ቀፎዎቹን ወደ ጎን እንዳይሄዱ የሚይዝበት መሃል። የሸራው ከውሃው ኋላ ሲሆን ጀልባዋ ወደ ነፋስ ትዞራለች። ስለዚህ ወይ የሸራውን ወደ ፊት፣ ወይ የውሃውን ወደ ኋላ ማምጣት ነው።

ወጪ የሌለው መፍትሔ የሰው ክብደት ነው። ሰሌዳ የሌላቸው እንደ ሆቢ 16 ያሉ ጀልባዎች ወደ ጎን የሚይዛቸው የቀፎዎቹ ቅርጽ ብቻ ነው። አፍንጫው 10 ሴንቲሜትር ወደ ታች ሲሰምጥ ፊት ለፊት ያለው ጥልቅ ክፍል ይጨምራል፣ ኋላው ይነሳል፤ ውሃው የሚይዝበት መሃል በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ይሮጣል። ነፋሱ ሲጠነክር ደግሞ ሸራው ራሱ ነፋስ በሚሄድበት ጎን ያለውን አፍንጫ ወደ ታች ይጫነዋል። ስለዚህ 12 ኖት ሲያልፍ ጀልባዋ ላይ ያላችሁት ሁሉ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ተጠጉና ምልክቱን እንደገና አንብቡ። ከኋላ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ሆኖ መለየት አለበት፤ ቀፎው ጀርባውን እየጎተተ አረፋ ከሰበሰበ ከመጠን በላይ ሄዳችኋል። በቀላል ነፋስ ግን ወደ ፊት ተመለሱ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ከነጠላ ቀፎ ጀልባ የመጣ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ካታማራን ነፋስ በሚመጣበት ጎን ያለው ቀፎዋ ከውሃው እንደተላቀቀ፣ ሸራው ከመሃል ይገፋል፣ ውሃው ግን የሚጎትተው ነፋስ በሚሄድበት ጎን ያለውን ቀፎ ብቻ ነው። ይህ ጥንድ ኃይል ጀልባዋን ከነፋስ ያርቃታል፤ ማለትም ይረዳዎታል። ቀፎው እየተነሳ ሲሄድ ሸራውም ወደዚያው ጎን ስለሚያዘነብል እርዳታው ይጠፋል። የሸራው መሃል ከውሃው 3.7 ሜትር ከፍ ቢል፣ 15 ዲግሪ ሲዘነብል 95 ሴንቲሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። በ5 ሜትር ጀልባ ከመሃል እስከ አንዱ ቀፎ መሃል ያለው 1 ሜትር ያህል ስለሆነ ምንም አይቀርም። ቀፎው 50 ሴንቲሜትር ተነስቶ ሲበርር ደስ ይላል፤ መሪው የሚከብደው ግን በዚያው ጊዜ ነው። ውሃውን ለቀቅ ከማለት በላይ አያንሱት።

ሸራዎቹ ላይ ዋናው ጥፋተኛ ሆዱ ወደ ኋላ የሄደ ዋና ሸራ ነው። ከታች ሆነው ወደ ላይ ፎቶ ያንሱት፦ ጥልቁ ቦታ ከፊት ጠርዙ ከ35 እስከ 40 በመቶ ላይ ቢሆን ደህና ነው፤ ከ50 ካለፈ የኋላ ጠርዙ እንደ በር ተዘግቶ የጀልባዋን ጀርባ ይገፋል። መድኃኒቱ የፊት ጠርዙን ወደ ታች የሚወጥረውን ገመድ መሳብ ነው፤ አግድም ሽብሽቦቹ ጠፍተው ትንሽ ቀጥ ያለ መስመር በምሰሶው ጎን እስኪታይ ድረስ። የሸራው ውስጥ በትሮች ከመጠን በላይ ከተወጠሩ ሆዱን ይጨምራሉ፤ በትሩን የሚያቋርጡት ሽብሽቦች በሚጠፉበት ልክ ያቁሟቸው። ያረጀና የተለጠጠ ጨርቅ ግን በገመድ አይመለስም፤ ወደ ሸራ ሰፊ መሄድ አለበት።

ንፋሱ ሲጠነክር ተንሸራታቹን (የዋናው ሸራ ገመድ የተያያዘበትን፣ በኋላ ተሻጋሪ ምሰሶው ላይ ግራና ቀኝ የሚሄደውን ክፍል) ከመሃል ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ነፋስ ወደሚሄድበት ጎን ይልቀቁት። ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው መሪው ሳይሆን የዋናው ሸራ ገመድ ነው፤ 20 ሴንቲሜትር ለቅቀው ጀልባዋ ስትረጋ መልሰው ይሳቡት። መሪውን ይዞ መታገል ልማድ የሆነበት ሰው ይህን ሲለምድ የግማሹ ችግር መልክ ይለወጣል። የፊት ሸራውን ግን በዚሁ ምክንያት አይልቀቁ። የላላ የፊት ሸራ አፍንጫውን መያዙን ስለሚያቆም የሸራው መሃል ወደ ኋላ ይሄዳል። የፊት ሸራው የፊት ጠርዝ በነፋስ ከተቀለበሰ ወይም የፊት ሽቦው ወደ ጎን ከረገበ የፊት ሸራውን ማንሻ ገመድ አጥብቁ።

ጀልባዎ ወደ ውሃ የሚወርድ ሰሌዳ ስለሌላት ለእርስዎ አይሆንም እንጂ፣ ሰሌዳ ያላት ቢሆን ኖሮ ሲጠነክር ሲሶውን ከፍ ማድረግ ውሃው የሚይዝበትን መሃል ወደ ኋላ ስለሚልከው ከብዙ ነገር ያድናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምልክቱ ከ4 ዲግሪ በላይ ከቀረ ምሰሶው ይደርሳል። መጨረሻ ያደረግኩት ዋጋ ስላለው ነው። ወደ ኋላ ያዘነበለ ምሰሶ የአፍንጫ መስመጥን ይቀንሳል፤ እነ ሆቢ 16 ሆን ተብለው ምሰሷቸው ወደ ኋላ ተዘንብሎ የሚነዱት ለዚህ ነው። ወደ ፊት ባመጡት ቁጥር በጠንካራ ነፋስ አፍንጫዋ ለመቀበር ቀላል ትሆናለች።

መለኪያው ቱንቢ ነው። ጀልባዋ በውሃ ልክ ፊትና ኋላዋ እኩል ሆና ትቀመጥ፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓት በዋናው ሸራ ማንሻ ገመድ ላይ ክብደት አንጠልጥለው ከታች ባልዲ ውሃ ውስጥ ያስገቡት፣ መወዛወዙ ይቆማል። ከምሰሶው ግርጌ እስከ ገመዱ ያለውን ይለኩ። በ8 ሜትር ምሰሶ 1 ዲግሪ ከጫፉ 14 ሴንቲሜትር ነው፤ የሸራው መሃል ደግሞ በ5 ሴንቲሜትር ተኩል ይንቀሳቀሳል። የፊት ሽቦው ምሰሶውን የሚይዘው በ6 ሜትር ከፍታ፣ ከታች ደግሞ ከምሰሶው ግርጌ 2 ሜትር ፊት ከሆነ፣ ሽቦውን 25 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ጫፉን 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ፊት ያመጣዋል። በአንድ ጊዜ ከዚህ በላይ አይሂዱ፤ ውሃ ላይ ወጥተው ማዕዘኑን ደግመው ያንብቡ። የጎን ሽቦዎቹን በሁለቱም በኩል በእኩል ቀዳዳ ያላሉ፤ አለበለዚያ ምሰሶው ከልክ በላይ ይወጠራል፣ ወይም ወደ ጎን ያዘነብላል።

የፊት ሽቦውን ፒን ከማውጣትዎ በፊት ሌላ ጠንካራ ገመድ ከምሰሶው ወደ አፍንጫው አስረው ያጥብቁ፤ ምሰሶው ሰው ላይ የሚወድቀው ይህ ሲረሳ ነው። ምሰሶ በሚቆምበትና በሚወርድበት ቦታ፣ ጀልባዋ በምትገፋበት መንገድም ጭምር፣ ከላይ የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩን ቆመው ይመልከቱ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ያቆየሁት አንድ ነገር ነበር፤ በአንድ ጎን ብቻ ሲከብድ። ያኔ ሸራውን አይጠራጠሩ። ሁለቱን ሰሌዳዎች ደርበው ያስተያዩ፤ አንዱ የተጣመመ ወይም ጠርዙ የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል። የአንዱ መቆለፊያ ብቻ እየለቀቀ እንደሆነም ይፈትሹ። ከዚያ ማንሻ ገመዱን እንደ ሜትር ተጠቅመው ከምሰሶው ጫፍ እስከ ሁለቱ የጎን ሽቦ መያዣዎች ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር ከበለጠ ምሰሶው ወደ አንዱ ጎን ዘንብሏል። እሱም እኩል ከሆነ ከግራ አፍንጫ እስከ ቀኝ ጀርባ፣ ከቀኝ አፍንጫ እስከ ግራ ጀርባ ያሉትን ሁለት ሰያፍ ርቀቶች ይለኩ። እኩል ካልሆኑ ቀፎዎቹ ትይዩ አይደሉም፤ የተሻጋሪ ምሰሶዎቹን ብሎኖች አላልተው፣ ሰያፎቹ እኩል እስኪሆኑ ቀፎዎቹን ገፍተው አስተካክለው፣ መልሰው ያጥብቋቸው።